ቀበቶዬ ታክሲ ሰልፍ ላይ ምን ፈየደልኝ?

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። የ34 ዓመት ሰው ነኝ፤ ባለትዳርና የአንድ ልጅ አባት። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ኢንተርናሽናል ቴኳንዶ ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆኖኛል፤ ሁለተኛ ዳን (የጥቁር ቀበቶ ሁለተኛ ደረጃ) ነኝ። ለእኔ ስፖርት ብቻ አይደለም። በየልምምዱ የምንለውን ቃለ መሐላ ከልቤ ነው የምለው። አልጠጣም፣ ከሰው አልጣላም፣ ንጋት 11 ሰዓት ተነሥቼ እሮጣለሁ። ስለ ሳሙራይ የተጻፉ ነገሮችንም ስልኬ ላይ አነባለሁ፤ ጦረኛ ሰው ስሜቱን አያሳይም የሚለውን እንደ መመሪያ ይዤዋለሁ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ማታ መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ከባለቤቴ ጋር ቆመን ሳለ አንድ ጎረምሳ ሰልፉን ጥሶ ሲገባ ገፈተራት። በጉልበቷ ወደቀች፤ ስልኳ አስፋልት ላይ ተከሰከሰ። እኔ እጆቼን ጨብጬ ቆሜ ቀረሁ። አንድ ቃል አልወጣኝም። ሰውየው ታክሲው ውስጥ ገብቶ ሄደ። በልቤ «ራሴን ገዛሁ» አልኩ። ቤት እስክንገባ አላናገረችኝም። ልንተኛ ስንል «ያን ሁሉ ዓመት ምን ስትማር ነበር?» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

በዚያው ሳምንት የ9 ዓመቱ ልጄ ጃኬቱን ሳይዝ መጣ። «ጠፋብኝ» አለኝ። ኋላ ከጓደኛው እናት እንደሰማሁት ትልልቅ ልጆች ቀምተውት ነው። ስለዋሸኝ አናን ሶጊ (እግር ከፍቶ፣ ጉልበት አጥፎ የሚቆምበት አቋም) ላይ 10 ደቂቃ አስቆምኩት። እግሩ እየተንቀጠቀጠ አለቀሰ። ባለቤቴ መጥታ አነሣችውና «ይሄ ቤት እንጂ ካምፕ አይደለም» አለችኝ።

ሦስተኛው የሥራ ነው። አለቃዬ 40 ካርቶን ወረቀት ገብቷል ብዬ ሞዴል 19 (የንብረት መረከቢያ ቅጽ) ላይ እንድፈርም ይፈልጋል። የቆጠርኩት 28 ነው። «ቀሪው ሰሞኑን ይመጣል» ይለኛል። አልፈረምኩም፤ እምቢም አላልኩም፤ ሰበብ እየፈለግሁ ሁለት ሳምንት አዘገየሁት። ቃለ መሐላችን «የነፃነትና የፍትሕ ጠበቃ እሆናለሁ» ስለሚል በሚቀጥለው የሠራተኛ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ በሁሉም ፊት ላጋልጠው አስቤአለሁ።

ባለቤቴ ቴኳንዶውን ተወው ትላለች። አብሮኝ የሚሠለጥን ጓደኛዬ ደግሞ «አንድ እግር ብታሳርፍበት ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር» ይለኛል። ግራ ገባኝ። በዚህ ዘመን በጦረኛ ሥነ ምግባር መኖር ይቻላል? የተሳሳተው መርሁ ነው ወይስ እኔ?

ባለ ሁለት ዳን፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

ወንድሜ፣ ከጓደኛህ እንጀምር፤ የእሱን ሐሳብ መመለሱ ቀላል ነው። የውድድር ሜዳችሁ 9 በ9 ሜትር ነው፤ ወለሉ ደረቅ፣ ፊትህ ያለው ሰው አንድ። የመገናኛ ሰልፍ ላይ ግን የፊተኛው ሰው ጀርባ ከደረትህ ሁለት ስንዝር አይርቅም። የቢሮ ጫማ አድርገሃል፣ ሱሪህ እግር እንደ ልብ አያስነሣም፣ ባለቤትህ እግርህ ሥር ወድቃለች። እዚያ ላይ እግር ብትሰነዝር መጀመሪያ የሚያገኘው ምናልባት ከሥራ የምትመለስ አንዲት እናት ናት፤ ቀጥሎ የምትወድቀው አንተ ነህ። ደግሞም ሰውየው ገፍትሮ አልፏል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 78 ራሱን ወይም ሌላውን የተከላከለን ሰው አይቀጣም፤ ግን ጥቃቱ እየተፈጸመ ያለ ወይም ሊፈጸም የተቃረበ፣ በሌላ መንገድ ሊመለስ የማይችል፣ መከላከሉም ተመጣጣኝ የሆነ እንደሆነ ነው። ታክሲ ውስጥ ገብቶ የተቀመጠን ሰው መምታት ብድር መመለስ እንጂ መከላከል አይባልም። ባለመምታትህ የጎደለብህ ነገር የለም።

ባለቤትህ ግን «ለምን አልመታኸውም?» አላለችህም። «ምን ስትማር ነበር?» ነው ያለችህ። ደብዳቤህን እስቲ መለስ ብለህ አንብበው። ስለ እጆችህ ጽፈሃል፣ ስላልወጣህ ቃል ጽፈሃል፣ በልብህ ስላልከው ጽፈሃል። ከወደቀችበት ማን አነሣት? የተሰባበረውን ስልክ ማን ለቀመው? ጉልበቷ ደምቶ ነበር? ይህን አልነገርከኝም። ምናልባት አንተው አንሥተሃት ይሆናል፤ ለመጻፍ ግን ትዝ አላለህም። ለእሷ የዚያ ምሽት ቁስል ሰውየው ሳይሆን ይሄ ቢሆንስ?

አሁን ወደ መርሁ። አምስቱን የቴኳንዶ መርሆች በቃልህ ታውቃቸዋለህ፦ ዬ ኡይ፣ ዮም ቺ፣ ኢን ኔ፣ ጉክ ጊ፣ ቤክጁል ቡልጉል። በአማርኛ ጨዋነት፣ ሐቀኝነት፣ ጽናት፣ ራስን መግዛት፣ የማይበገር መንፈስ እያልን እንመልሳቸዋለን፤ ስንመልሳቸው ግን ከእጃችን የሚያመልጥ ነገር አለ። ጉክ ጊ ቃል በቃል ሲፈታ ራስን ማሸነፍ ነው፤ «ጉክ» ማሸነፍ፣ «ጊ» ራስ። ራስን መግዛት ስንል ዝም ማለት፣ መዋጥ፣ አለመንቀሳቀስ ይመስለናል። ራስን ማሸነፍ ግን «የትኛውን ራሴን?» ብሎ ያስጠይቃል። ግልፍተኛ ሰው ቁጣውን ያሸንፋል። አንተን በዚያ ምሽት አንደበትህን የያዘህ ቁጣ ነበር? ቁጣ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ስድብ ይወጣህ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ደንግጠህ ነበር፤ «ራሴን ገዛሁ» የሚለው ስም ነገሩ ካለፈ በኋላ የተሰጠው ነው። መደንገጥ ነውር የለበትም። ግን በመርህ ስም ከጠራነው ጥሩ ነገር ስለሚመስለን አንሠራበትም፤ በሚቀጥለውም እንደዚያው እንቆማለን።

ለምን ደነገጥክ ለሚለው፣ ብዙ ሠልጣኞች የማያስቡት ምክንያት አለ። በ14 ዓመት ውስጥ ዶጃንግ (የልምምድ አዳራሽ) ውስጥ ሳያስጠነቅቅ የነካህ ሰው የለም። ቻርዮት፣ ኪዩንግኔ፣ ጁንቢ፣ ሲጃክ። ቀጥ ብለህ ቆመህ፣ እጅ ነሥተህ፣ ተዘጋጅተህ፣ «ጀምር» ሲባል ነው ሰውነትህ የሚነቃው። በባለ ሦስት እርምጃው ማቶሶጊ (የጥንድ ፍልሚያ ልምምድ) እንኳ ጡጫው የሚመጣው እሱም ጮኾ፣ አንተም «ዝግጁ ነኝ» ለማለት ጮኸህ ካበቃህ በኋላ ነው። መገናኛ ላይ ሲጃክ የሚል የለም። ሰውነትህ ትእዛዙን ሲጠብቅ ነገሩ በሁለት ሰኮንድ አለቀ። ተረቱ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላል፤ ያንተ ተገላቢጦሹ ነው፣ ቆመህ የታጠቅከው በሩጫው ሰዓት ጠፋህ።

ይህ በልምምድ የሚስተካከል ነው። አሰልጣኝህን አስፈቅድና በሳምንት ሁለት ቀን፣ ልምምዱ ሲያልቅ 10 ደቂቃ ውሰድ። ዶቦኩን (የልምምድ ልብስህን) አውልቀህ የሥራ ልብስህንና ጫማህን አድርግ። አንድ የምታምነው ሰው (ያው «አንድ እግር ብታሳርፍበት» ያለህ ጓደኛህ ቢሆን ይሻላል፣ እሱም ይማርበታል) አዳራሹ ውስጥ ስትንጎራደድ፣ ስልክ ስትነካካ፣ ከሌላ ሰው ጋር ስታወራ በፈለገው ሰዓት ትከሻህን ይግፋህ። ያንተ ሥራ መምታት አይደለም። በሰያፍ ወደ ጎን አንድ እርምጃ ትወጣለህ፤ ሁለት እጆችህ ተከፍተው፣ መዳፋቸው ወደ ሰውየው ዞሮ፣ ደረትህ ከፍታ ላይ ይወጣሉ፤ አንድ አጭር ቃል በሙሉ ድምፅ ትላለህ፣ «ራቅ!» ወይም «ተው!»። ወዲያው ዐይንህ አብሮህ ወደነበረው ሰው ይሄዳል። በአንድ ምሽት 10 ጊዜ ይበቃል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ሰው ጨምሩ፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚገፋህ አትወቅ።

መጀመሪያ የሚበላሸው ድምፁ ነው። ሰው ሲደነግጥ ትንፋሹን ይይዛል፤ የተያዘ ትንፋሽ ደግሞ ድምፅ አይሆንም። «ቃል አልወጣኝም» ያልከው ይኼው ነው። ስለዚህ ስለ ቃሉ ሳትጨነቅ ትንፋሽህን ግፋው፣ ኪያፕ (ስትመታ የምታወጣው ጩኸት) ላይ እንደምታደርገው፤ ቃሉ ተከትሎት ይወጣል። ቀጥሎ የሚያስቸግርህ ጭብጥህ ይሆናል። ሰልፉ ላይም ጨብጠህ ነበር። ከዳር ለሚያይ ሰው የተጨበጠ እጅ ጠብ ፈላጊ ነው፤ ነገሩ ፖሊስ ጣቢያ ቢደርስ ምስክሩ የሚያስታውሰው እሱን ነው። የተከፈተ መዳፍ ፊትህንም ይጠብቃል፣ ገላጋይም ያስመስልሃል፣ ለመከላከልም ከጭብጥ አይዘገይም። ወደ ኋላ ቀጥ ብለህ የምትሄድ ከሆነ ደግሞ መንገድ ላይ ከኋላህ ድንጋይ፣ የተከፈተ ቱቦ ወይም ሰው እንዳለ አስብ፤ ለዚህ ነው በሰያፍ የሚወጣው። ዐይንህንም ተቆጣጠረው፤ የገፋህ ሰው ፊት ላይ ብቻ ካፈጠጥክ እጁን አታይም፣ ጓደኛውንም አታይም።

ይህን ሁሉ አድርገህ ሰውየው አሁንም ከመጣብህ፣ መውጫም ከሌለ፣ ያኔ የተማርከውን ተጠቀምበት፤ ለዚያ ነው የተማርከው። ከፍ ያለ እግር ግን እርሳው። እጅ፣ ካስፈለገም ከጉልበት በታች የሆነ እግር፣ ከዚያ ቶሎ ከቦታው መራቅ። እንደ መገናኛው ዓይነት ነገር ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ባለቤትህን አንሥተህ ከሰልፉ ታወጣለህ፣ «ተጎዳሽ?» ትላለህ፣ ከዚያ የታክሲውን ታርጋ ትይዛለህ። ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው።

ለእሷ የምትለው ነገር አለህ። ይቅርታ የምትጠይቀው ሰውየውን ስላልመታህ አይደለም፤ በዚያች ግማሽ ደቂቃ ብቻዋን ስለተውካት ነው። «መርሄ ነው» የሚለውን ለጊዜው አታንሣው። «ደንግጬ ነበር። አንቺን ማየት ሲገባኝ አላየሁሽም» ማለት ትችል ይሆን? 14 ዓመት ስሜቱን መደበቅ ለተለማመደ ሰው ይህች ነገር ሦስት ጣውላ ደርቦ ከመስበር ትከብዳለች። ልጁ ሲተኛ፣ ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ በላት። ከዚያ «በዚያች ሰዓት ምን ባደርግ ትፈልጊ ነበር?» ብለህ ጠይቃት፤ መልሷ ቢመርህም መሀል ላይ አትግባ። ምናልባት «እጄን ብትይዘኝ ይበቃኝ ነበር» ትልህ ይሆናል። ምናልባት በእርግጥ «ብትመታው» ትል ይሆናል፤ ያም ቢሆን ተናዶ የዋለ ሰው ንግግር ነውና ያን ማታ አትከራከራት። ለወደፊቱ ግን አንድ ነገር ተስማሙ፦ ከሁለታችሁ አንዳችሁ «እንሂድ» ካለ፣ ያለ ክርክር ይኬዳል።

ስለ ሳሙራዮቹ እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ከ1603 እስከ 1868 (እ.ኤ.አ.) ባለው የቶኩጋዋ ዘመን ጃፓን በአመዛኙ ሰላም ነበረች። ብዙው ሳሙራይ ሰይፉን ወገቡ ላይ ሽጦ የሚውለው ጽሕፈት ቤት ነበር፤ ግብር ይመዘግባል፣ ጎተራ ይቆጣጠራል፣ ደመወዙም በሩዝ ይሰፈርለታል። ስለ ሞትና ስለ ሰይፍ ከሚነገሩት አባባሎች አንዳንዶቹን የጻፏቸው በዚያ የሰላም ዘመን ጦር ሜዳ ያልዋሉ ሰዎች ናቸው። ስልክህ ላይ የሚመጣልህ ሰይፉ ብቻ ነው። ያንተ የንብረት ክፍል ወንበር ከእነሱ ኑሮ ያን ያህል አይርቅም።

እንግዲህ ወደ ወንበርህ። ዮም ቺ ሐቀኝነት ተብሎ ይመለሳል እንጂ በኮሪያኛው ውስጡ ሐፍረት አለበት፤ «ነውር ማወቅ» ብንለው ይቀርበዋል። የኢንተርናሽናል ቴኳንዶ ፌዴሬሽንን በ1966 (እ.ኤ.አ.) የመሠረቱት ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ ይህን መርህ ሲያብራሩ ነውር ብለው ከቆጠሯቸው ነገሮች አንዱ፣ ለሰበራ ትርኢት የሚያቀርበውን ጣውላ በቀላሉ እንዲሰበር አስቀድሞ የሚያዘጋጅ ሠልጣኝ ነው። ሞዴል 19 «ቆጥሬ ተረክቤአለሁ» ማለት ነው። 28 ቆጥረህ 40 ብለህ ብትፈርም፣ ተሰንጥቆ የመጣ ጣውላ ሰብረህ ማስጨብጨብህ ነው። አትፈርም። በዓመቱ ቆጠራ ላይም ስለ 12ቱ ካርቶን የሚጠየቀው ያዘዘው ሳይሆን የፈረመው ነው።

ስብሰባውን ግን ተወው ባይ ነኝ። አለቃህ እስካሁን ካንተ አፍ «አይሆንም» የሚል ቃል አልሰማም። ሁለት ሳምንት ሰበብ ስትሰጠው ከርመህ በሰው ፊት ብትነሣበት ሰሚው ቂም ነው የሚለው። የፍትሕ ጠበቃ ልሁን ያልከው ሰው፣ ሰልፉ ላይ ያልወጣህን ድምፅ በአለቃህ ላይ ልታወጣው ይሆን? ይህን አንተ ብቻ ታውቃለህ። ደግሞም ቀሪው ዕቃ በእርግጥ መንገድ ላይ ቢሆንስ?

ስለዚህ ነገ ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ፣ ቢሮው ግባና እንዲህ በለው፦ «የገባው 28 ነው፤ በ28 ሞዴል እቆርጣለሁ። ቀሪው ሲመጣ በዚያው ቀን በሌላ ሞዴል እረከባለሁ።» በዚህ ውስጥ ክስ የለም፣ ለሱም መውጫ ይተውለታል። ከመግባትህ በፊት ግን ካርቶኖቹን ከአንድ የሥራ ባልደረባህ ጋር ሆነህ እንደገና ቁጠር፤ አቅራቢው ባመጣው ማስረከቢያ ላይ «12 ካርቶን ይጎድላል» ብለህ ቀንና ፊርማ አኑር፤ ኮፒውን ያዝ። «እኔ እያዘዝኩህ ነው ፈርም» ካለህ ድምፅህን ሳትጨምር «እንግዲያው በጽሑፍ ይስጡኝ» በለው። አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ጽሑፍ ሲባል ይሞታል። ካልሞተ ወደ ውስጥ ኦዲት፣ ከዚያም ወደ መሥሪያ ቤቱ የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል ትሄዳለህ፤ ያኔ የምትይዘው ወረቀት እንጂ ወሬ አይደለም።

አንዲት ደብተርም ግዛ። ቹንግ ሙ የተባለውን ፓተርን (ተከታታይ የእንቅስቃሴ ልምምድ) ከቀይ ቀበቶ ጀምረህ ስትሠራው ኖረሃል፤ 30 እንቅስቃሴ፣ መጨረሻው የግራ እጅ ጥቃት። ፓተርኑ የተሰየመለት አድሚራል ዪ ሱን ሺን በ1597 (እ.ኤ.አ.) በሐሰት ተከሶ ታሰረ፣ ማዕረጉ ተገፎ ተራ ወታደር ሆነ። በዚያው ዓመት ወደ ቦታው ሲመለስ በ13 መርከብ ከመቶ በላይ የሚሆን የጃፓን መርከብ መከተ። ለድሉ ሁሉም ያውቀዋል። ይህ ሰው ግን በዚያ ሁሉ ጦርነት ውስጥ የዕለት ማስታወሻ ይይዝ ነበር፤ የአየሩን ሁኔታ፣ ማን እንደመጣ፣ ምን እንደተባለ፣ ሆዱን እንዳመመው ሳይቀር። አንተም ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አለቃህ ያለውን ቃል፣ ማን እንደነበረ ጻፍ። ሁለት መስመር ይበቃል፤ ደብተሩን ግን ቢሮ አታሳድረው።

ቴኳንዶውን ተወው ለሚለው አሁን አትወስን። ማታ ማታ የምትሄድ ከሆነ ከልምምዱ ቀናት አንዱን ለቤትህ መልስ፣ ቢያንስ እስከ ሁለት ወር። ባለቤትህ የምትጠላው ቴኳንዶውን ይሁን ወይስ ቴኳንዶው ቤት ይዞት የሚመጣውን ሰው፣ ያኔ ይለይልሃል።

አሁን ልጅህ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የሆኑት ብለሃል፤ እስቲ ጎን ለጎን አድርጋቸው። ጉልበተኛ መጣ፣ አባት ቃል አልወጣውም። ሌሎች ጉልበተኞች መጡ፣ ልጅ ቃል አልወጣውም። አባት የሆነውን ነገር «ራሴን ገዛሁ» አለው። ልጅ የሆነውን ነገር «ጠፋብኝ» አለው። ከሁለቱ አናን ሶጊ ላይ የቆመው ልጁ ብቻ ነው።

ለምን ዋሸ ብለህ ጠይቀህ ታውቃለህ? አባቱ ግድግዳ ላይ የዳን ሰርተፍኬት የሰቀለ የ9 ዓመት ልጅ «ቀሙኝ» ለማለት ምን ያህል ድፍረት ያስፈልገዋል?

ስለ ቅጣቱም በሙያው እንነጋገር። አናን ሶጊ በሁለቱ አውራ ጣቶች መካከል አንድ ተኩል የትከሻ ስፋት ነው፤ ክብደቱ ግማሽ በግማሽ፣ ጉልበቶቹ ወደ ውጭ ተገፍተው። ጭኑ ሲደክም ጉልበቱ ወደ ውስጥ ይወድቃል፣ ወገቡ ይጎብጣል፣ ጭኑ የተሸከመው ክብደት ወደ መገጣጠሚያው ይሄዳል። አንተ ራስህ በትክክል ስንት ደቂቃ ትቆማለህ? ለሱ 30 ሰኮንድ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚቆመው በተበላሸ አቋም ነው። አቋሙን በልቅሶ ከተማረው ደግሞ ወደፊት ዶጃንግ ብትወስደው እንኳ እግሩን ሲከፍት የሚመጣበት ያ ምሽት ነው። ልምምድና ቅጣት ከዛሬ ጀምሮ ይለያዩ። ሲዋሽ የሚቀጣው በውሸቱ ልክ ነው፤ ለምሳሌ እውነቱን ለእናቱ ራሱ እንዲነግራት በማድረግ። በሱ ሰውነት ላይ አይሁን።

ዛሬ ማታ ወለሉ ላይ ተቀመጥ፤ ቁመትህ ከሱ ይነስ። «ያን ቀን ያስቆምኩህ ተሳስቼ ነው» በለው፣ «ግን አንተም» የሚል ማስከተያ ሳታክልበት። ቀጥለህ የሰልፉን ነገር ንገረው፤ እናትህ ስትወድቅ እኔም ደንግጬ ዝም አልኩ በለው። ክብሬ ይወርዳል ብለህ አትስጋ። ከዚያ ጠብቅ። ስለ ጃኬቱ ያን ማታ ባያወራ ነገ ያወራል። እነማን እንደሆኑ፣ የት ቦታ፣ በየትኛው ሰዓት እንደሆነ ሲነግርህ «ለምን አልመታሃቸውም?» እንዳትለው፤ ለአንተ ያስቸገረህን ጥያቄ ነው የምትሰጠው።

የዶጃንጉንም ልምምድ ቤት አምጣው። አምስት ደቂቃ፣ እሱ ገፊ አንተ ተገፊ፣ ከዚያ ተቀያየሩ። መዳፍ ክፍት፣ እርምጃ በሰያፍ፣ «ራቅ!»፣ ቀጥሎ ወደ መምህር ወይም ወደ ጥበቃው መሮጥ። መሮጡ የልምምዱ አካል መሆኑን አሳየው፤ አንተም ሩጥ። መጀመሪያ ይስቃል፣ ይሣቅ፤ ሲስቅ ትንፋሹ ይወጣል።

ሰኞ አብረኸው ትምህርት ቤት ሂድ። ከክፍል ኃላፊ መምህሩ ፊት ስትቆሙ መጀመሪያ ልጁ ይናገር፤ ቢንተባተብም ጠብቀው፣ አትጨርስለት። የጎደለውን ቀንና ቦታ አንተ ሙላ፤ ምን እንደሚያደርጉና መቼ መልስ እንደምታገኝ ጠይቅ፣ ደብተርህ ላይ ጻፈው። ትልልቆቹን ልጆች በር ላይ ጠብቀህ እንዳታናግራቸው፤ ያ የመምህሩ ሥራ ነው። ደግሞ በዚያ ቀን የክለቡን ቱታ አትልበስ።